ከካቡ ሥር የወጣችው ልጅ

አጽሟ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ጉልበቷ ወደ ደረቷ ተሰብስቧል። ግራ እጇ ከራስ ቅሏ በላይ ተዘርግቷል። የታች መንጋጋዋ የለም።

ከሣጥኑ ፊት አንዲት አሮጊት ወለሉ ላይ ተቀምጠው አልነሣም ብለዋል።

የሙዚየሙ ጥበቃ ፖሊስ የጠራው ለዚህ ነበር። ለእንዲህ ያለው ነገር አንድ የሰፈር ፖሊስ ይበቃል። ኢንስፔክተር ናጎሺ ቶሞኤ ግን ስልኩን እንደሰማች ጃኬቷን አነሣች። ከኦሳካ ወደዚህች ትንሽ ከተማ ከተዛወረች ወዲህ ወንበር ላይ መዋል እሾህ ላይ እንደመቀመጥ ሆኖባታል። ሰበብ ካገኘች ትወጣለች።

የቶኪሳኪ የግንቦችና የቁፋሮ ቅርሶች ሙዚየም ግንቡ ከቆመበት ኮረብታ ግርጌ ነው። ናጎሺ ከእንጨት የተሠራውን የግንቡን ምስል፣ የዓሣ ቅርጽ ያላቸውን የጣራ ጌጦች፣ ሰው የሌለባቸውን የጥንት ወታደሮች ጥሩሮች አልፋ የመጨረሻው ክፍል ገባች። የትምህርት ቤት ልጆች ጥግ ላይ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ። ከሣጥኑ በላይ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የካቡ ልጅ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ካቡ እንዳይናድ ከነሕይወቷ ከሥሩ የተቀበረች ወጣት።»

ይህን በቶኪሳኪ የማያውቅ የለም። የግንቡን መሠረት የሚደግፈው የድንጋይ ካብ ሲሠራ እየተናደ አስቸገረ፤ የግንቡ ጌታ አንዲት ልጅ ከሥሩ አስቀበረ፤ ከዚያ ወዲያ ካቡ ቆመ። ልጆች የሚፈራሩበት ተረት ነበር። አምና የክረምቱ ዝናብ የደቡቡን ካብ ናደው፤ አጽም ወጣ። ተረቱ እውነት ሆነ ተባለ። ጎብኚው በአውቶቡስ መጉረፍ ጀመረ። በር ላይ በስሟ የባቄላ ጣፋጭ ይሸጣል።

«እማማ፣ ይነሡ። ወለሉ ይበርዳል» አለች ናጎሺ ጎንበስ ብላ።

«እሷንስ አይበርዳትም?»

«እሷ ከሞተች ቆይታለች።»

«አውቃለሁ። እህቴ ናት።»

ናጎሺ ጥበቃውን ቀና ብላ አየችው። ጥበቃው ግንባሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። አሮጊቷ አዩት።

«አላበድኩም፣ የኔ ልጅ። ሺጌኖ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ አጥንት አይቼ አውቃለሁ። ግራ እጇን እዪው። ከክርኗ በታች ጠማማ ነው። ከጓሯችን ዛፍ ወድቃ አባቴ በቀርከሃ ጠግኖት ጠምሞ የገጠመ ነው። አሁን ደግሞ ይኸን እዪ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ከፊት ጥርሶቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። ናጎሺ ወደ መስታወቱ ዞረች። የራስ ቅሉም የላይ ጥርሶች እንዲሁ ተደርበዋል። ያው ጎን። ያው ጥርስ።

ናጎሺ የማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ሚሳኦ። ግንቡ ሲታደስ ከቁፋሮው የሚወጣውን ሸክላ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን ለሥራ ሄዳ በዚያው ቀረች። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«የምትጠረጥሩት ሰው ነበር?»

«ነበር ትይኛለሽ? ዛሬም አለ እንጂ። ጌንሳኩ። እጮኛዋ ነበር። ያኔ ካቡን ይክቡ ከነበሩት ድንጋይ ጠራቢዎች አንዱ ነው። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ፖሊስ ብቻ ነው ያላወቀው።»

ናጎሺ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ተነሡ ማለቱን ተወችው።

አለቃዋ ኮማንደር ኡሺዮ ነገሩን ቆሞ ሰማት። ከዚያ መስኮቱን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«ናጎሺ፣ አንዲት አሮጊት አፋቸውን ስለከፈቱ ሙዚየም አይዘጋም።»

«ይዘጋ አላልኩም። አጥንቱ ይመርመር ነው ያልኩት።»

«የቅርስ ሊቁ ፕሮፌሰር ቶጋዋ መርምረውታል።»

«በምን?»

«በዓይናቸው። የእሳቸው ዓይን ያንቺን ላቦራቶሪ ያስንቃል። እዚያው ቆሜ ነበር።»

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፤ ለናጎሺም ነገሩ ገባት። አጽም ሲገኝ ፖሊስ ማየት አለበት። ያን ቀን ወደ ካቡ የሄደው ኡሺዮ ራሱ ነው። ፕሮፌሰሩ ጥንታዊ ነው ብለውታል፤ እሱም እጅ ነስቶ ተመልሷል። አሁን ደግሞ የግንቡ በዓል ሊደርስ ነው፤ ሆቴሎቹ ሞልተዋል። ኡሺዮ ብዙ ከተናገረ በኋላ፣ በትርፍ ጊዜዋ የምትሠራውን እንደማይጠይቃት ነገራት። ከእሱ ይህን ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ናጎሺ በቀጥታ ወደ ጌንሳኩ ግቢ ነዳች።

ጌንሳኩ ዛሬ የመቃብር ድንጋይ ይጠርባሉ። ከተማው በጥርጣሬ ዓይን ካያቸው ወዲህ በግንቡ ሥራ የሚያስገባቸው አልተገኘም፤ ልጁን የሚድርላቸውም አልተገኘም። ብቻቸውን አርጅተዋል። ክንዳቸው ግን ዛሬም እንደ ጉማሬ አለንጋ የከረረ ነው። መዶሻውን ሳያስቀምጡ ሰሟት።

«ሚሳኦን መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት?»

«በጠፋችበት ቀን ጧት።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ቁፋሮውን ተዪ አልኳት፤ አልተውም አለች።»

«ለምን እንድትተው ፈለጉ?»

«ያለ ድጋፍ ይቆፍሩ ነበር። ድንጋይ አውቃለሁ፤ ፈራሁላት።»

«አጽሟ የወጣበትን የካቡን ክፍል የዘጋው ማን ነው?»

መዶሻው ቆመ።

«አጽሟ?»

ናጎሺ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ባልተጠረበ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያን ክፍል የዘጉት እሳቸውና ጓደኞቻቸው መሆናቸውን አልካዱም። ግን ጧት ሲደርሱ ከካቡ ጀርባ ለቁፋሮው የተከፈተው ጉድጓድ በጠጠር ተሞልቶ ጠብቋቸዋል። የቁፋሮ ሰዎች ሞልተውት ይሆናል ብለው ሥራ ስለቀለለላቸው ደስ አላቸው፤ የፊቱን ድንጋይ ብቻ ደርድረው ጨረሱ።

«እኔ በእጄ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም።

«አጽሙን ሙዚየም ሄደው አይተውት አያውቁም?»

«ወደዚያ አልሄድም። የጥንት ሰው ከድሮው መሠረት ወጣ ሲባል አምኜ ተውኩት።»

ናጎሺ አላመነቻቸውም። እጮኛ፣ ጠብ፣ ካብ መካብ የሚያውቅ እጅ፤ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ይጠቁማል። የተሞላ ጉድጓድ ደግሞ ማንም ሊፈጥረው የሚችል ወሬ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ተከተለቻቸው። ሽማግሌው ኮረብታውን ወጥተው ከተናደው ካብ ፊት ቆሙ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ገዳይ ወደ ገደለበት ይመለሳል የሚሉት ነገር አለ። ከተደበቀችበት ዛፍ ጀርባ ወጣች።

«ወደዚህ አልሄድም አላሉኝም?»

«ሙዚየም አልሄድም ነው ያልኩሽ» አሉ ሳይዞሩ። «ለፖሊስ ጆሮሽ ሰነፍ ነው።»

ቀጥለው፣ ያን ካብ ከዝናብ በኋላ በየዓመቱ እየመጡ እንደሚያዩት ነገሯት። እሳቸው የካቡት ብቸኛው የግንብ ካብ ነው፤ ደግሞም ሆዱ እየተነፋ መምጣቱን ለከተማው አስተዳደር ደጋግመው አሳውቀዋል። ናጎሺ ወደ ቢሮ ስትመለስ ስልክ ደወለች። እውነት ነበር። ካቡ ተከፍቶ እንዲታደስ ሲወተውቱ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ሬሳ የቀበረ ሰው የቀበረበትን ክፈቱልኝ ብሎ አይለምንም።

ያን ቀን ጎዳናውን ከዳር እዳር ሁለት ጊዜ ተመላለሰችበት። ከዚያ እግሯ ወደ ሙዚየሙ ወሰዳት።

ቅርሶቹን የምትይዘው ባለሙያ ሆዙሚ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። የፕሮፌሰር ቶጋዋ ተማሪ ነበረች። ሙዚየሙን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ የክብር ኃላፊ ተብለው ቃላቸው ሕግ ነው። ናጎሺ የአጥንቱ ዕድሜ በላቦራቶሪ ለምን እንዳልተለካ ጠየቀቻት። ፕሮፌሰሩ ከልጅቷ ላይ ቁራጭ መውሰድ ነውር ነው ብለው ከልክለዋል አለች።

«መንጋጋዋስ?»

ሆዙሚ በሩን ሄዳ ዘጋችው።

«አልተገኘም ነው የምንለው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አይቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። ካቡ በተናደ ማግሥት ማለዳ ስትደርስ ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን እዚያ ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው። መንጋጋው ከአፈሩ ወጥቶ ይታይ ነበር። ካሜራ ልታመጣ ወደ መኪናዋ ሄዳ ተመለሰች። የለም። ስትጠይቃቸው ድንጋይ ነው ያየሽው አሏት። «እኔም ድንጋይ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዓይንሽን አትመኚ ካሉኝ አላምንም።»

«አሁንስ?»

ሆዙሚ ጓንት አጠለቀችና ከሣጥኑ አንዲት ትንሽ የእግር አጥንት አምጥታ በእጇ አስያዘቻት።

ወይዘሮ ሺጌኖም ለዝምድና ምርመራ ምራቃቸውን ሰጡ። ሁለቱም ወደ ዩኒቨርሲቲው የምርመራ ክፍል ተላኩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ ናጎሺ ደግሞ መጠበቅ አልፈጠረባትም። ጎብኚ መስላ ሙዚየሙ ትገባለች፤ ልጅቷን ታያለች፤ ትወጣለች። ያ ከራስ በላይ የተዘረጋ እጅ ሰላም ነሳት። ከሞተ በኋላ የተቀበረ ሰው እጅ እንዲህ አይሆንም።

ውጤቱ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአየር ላይ የኒውክሌር ቦምብ ከተሞከረ ወዲህ የኖረ ሰው ሁሉ በአጥንቱ ውስጥ ምልክት ይዟል፤ ልጅቷም ይዛለች። ለወይዘሮ ሺጌኖም ሙሉ እህት ናት።

ኡሺዮ ወረቀቱን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሙዚየሙን ክፍል ዛሬውኑ አዘጋለሁ አለ።

ናጎሺ ወሬውን ለአሮጊቷ ራሷ ይዛ ሄደች። ወይዘሮ ሺጌኖ አላለቀሱም። ሻይ ቀዱላት፤ ስኒው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጨርቅ ይዛ እየጠረገችላቸው ሳለ ናጎሺ ቀድሞ ልትጠይቀው ይገባ የነበረውን ጠየቀች።

«ያኔ ፖሊስ ግንቡ ጋ ለምን አልፈለጋትም?»

«ባቡር ተሳፍራለች ስለተባለ ነዋ። እያለቀሰች ስትሳፈር ያያት ሰው ነበር። ድንጋይ ጠራቢ የሚመስል ጎረምሳም ተከትሏት ገባ አለን። ፖሊስ በሐዲዱ መንገድ ያሉትን ከተሞች ሲፈልግ ከረመ።»

«ማን ነው ያያት?»

«አንድ ተማሪ። ለቁፋሮው ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። እናቴን ሊያጽናና ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ አልቅሷል።»

«አሁን የት እንዳለ ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ሺጌኖ በመገረም አዩዋት። «እንዴት አላውቅም? ፕሮፌሰር ቶጋዋ ናቸው።»

የፕሮፌሰሩ ቤት ከኮረብታው በታች፣ ጸጥ ባለ መንገድ ዳር ነው። ናጎሺ ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ከፈቱላት፤ የሹራባቸው ቁልፍ እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ የሸክላ ስብርባሪ በየተራው ተቀምጧል። የሙዚየሙ ክፍል መዘጋቱን ሰምተው ነበር።

«ስህተት ይሆናል» አሉ። «ናሙናው ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል።»

«ከሚሳኦ እህት ጋር ይዛመዳል፣ ፕሮፌሰር።»

ሽማግሌው አንዲት ስብርባሪ አነሥተው ቦታዋን አስተካከሉ።

«ሚሳኦን ባቡር ስትሳፈር አየሁ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ረጅም ጊዜ ነው። ሌላ ሴት አይቼ ይሆናል።»

«ሲከተላት ያዩት ጎረምሳስ?»

«እሱንም ተሳስቼ ይሆናል።»

«ጉድጓዱን በጠጠር ያስሞላው ማነው?»

«አላስታውስም።»

«ካቡ በተናደ ማለዳ ከሁሉ ቀድመው ለምን ሄዱ?»

«ቅርስ ነው። ማን ይሂድ?»

«መንጋጋዋ የት አለ?»

«ዝናቡ ወስዶት ይሆናል።»

ናጎሺ ተነሥታ በመደርደሪያዎቹ ፊት ተራመደች። ጥፍር የምታክል ስብርባሪ እንኳ ከሥሯ ጥጥ ተነጥፎላታል። ዞራ አየቻቸው።

«በዕድሜዎ ሙሉ ከአፈር የወጣ ነገር ጥለው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው መደርደሪያቸውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሰው ከቤቱ ሊወጣ ሲል እንደሚያየው ዓይነት ነበር።

«አላውቅም» አሉ።

ተነሥተው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው ነጭ የእንጨት ሣጥን ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ራሳቸው አነሡት። ጥጥ ውስጥ የታች መንጋጋ ተኝቷል፤ አንዱ ጥርስ በብረት ተሞልቷል። ከጎኑ የፕላስቲክ ቁልፎች አሉ። የሴት ሸሚዝ ቁልፎች።

የተናገሩት ያለ ማቋረጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው የነገሩት ይመስላል። ከካቡ ጀርባ ሌላ፣ ከእሱ የሚቀድም ካብ ተደብቋል ብለው ያምኑ ነበር። መምህራቸው እዚያ እንዳይቆፈር ከልክሏል። በማግሥቱ ጠራቢዎቹ ሊዘጉት ነው፤ ሰማዩም ዝናብ አዝሏል። ሰው ሁሉ ዞር ሲል፣ ሰውነቷ ትንሽ ነውና ሚሳኦን ገብተሽ እዪልኝ አሏት። ገባች። ድንጋዩ ተንሸራተተ።

«ሞተች?» አለች ናጎሺ።

«አልሞተችም። እስከ ወገቧ ነበር የያዛት። ትጣራ ነበር።»

ወደ ጠራቢዎቹ መጠለያ ሮጡ። በሩ ላይ ደረሱ። ውስጥ ሰዎቹ እየበሉ ይስቃሉ። እጃቸው በሩን ሊገፋ ተዘርግቶ ሳለ፣ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ሰው ያስደፈጠጠ ተማሪ ምን እንደሚሆን ታያቸው። ከዩኒቨርሲቲው መባረር። ሽቅብ ያዩት የነበረው ሕይወት ሁሉ መቅረት። እዚያው ቆሙ። ከዚያ ተመለሱ።

«ተመልሰውስ?»

«ዝም እስክትል ጠበቅኩ።»

ናጎሺ እጇን ከሣጥኑ ላይ አነሣች። ነክታው እንደነበር አሁን ነው ያስተዋለችው።

«ጠጠሩን ከዚያ በኋላ ሞላሁት» አሉ ሽማግሌው። «ካቡ ሲናድ ከእንግዲህ እንደማይደበቅ አወቅኩ። የሚያስታውቃትን ብቻ አነሣሁ። ለቀረው ስም ሰጠሁት። ሰው እየመጣ እንዲሰግድላት፣ አበባ እንዲያስቀምጥላት... ክብር እንድታገኝ ብዬ ነው።»

«እህቷ ልትቀብራት ነበር የምትፈልገው። ጌንሳኩም ሊያገባት።»

ቶጋዋ እንዲህ ያለው ሞት በሕግ የሚያስከስስበት ጊዜ ካለፈ መቆየቱን ጠበቃ ጠይቀው እንደሚያውቁ ተናገሩ።

«ልክ ነው» አለች ናጎሺ። «በሞቷ አልከስዎትም። መንጋጋዋን የሰረቁት ግን አምና ነው፤ ለሱ ሕግ አለ። ካፖርትዎን ይልበሱ።»

ለበሱ። ከበሩ ሲወጡ ፎቶ አንሺዎች አልነበሩም፤ ኡሺዮ ብቻ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ እጅ የነሳቸውን ሰው በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ዓይናቸውን አላየም።

አጽሙ መንጋጋው ተመልሶለት ለወይዘሮ ሺጌኖ ተሰጠ። እንደ አገሩ የቀብር ልማድ ከተቃጠለ በኋላ አመዱን የያዘውን ማሰሮ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ታቀፉ። ናጎሺ ወደ ቤት ላድርስዎ ስትል፣ መጀመሪያ ወደ አንድ ቦታ ውሰጂኝ አሏት። ወዴት እንደሆነ ሳይነግሯት አወቀችው።

ናጎሺ ከጌንሳኩ ጋር የሆነውን ከሌሎች ሰምታለች። እናታቸው ጌንሳኩን እየረገሙ ነው የሞቱት። ሺጌኖ ራሳቸው መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጎዳና ይሻገሩ ነበር፤ አንድ የበዓል ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ ጨው በትነውባቸዋል፣ ርኩስን እንደሚያባርሩበት። ጌንሳኩ ጨውን ከትከሻቸው አራግፈው ሄደዋል።

ግቢው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጌንሳኩ ሲያዩዋቸው ቆመ።

ወይዘሮ ሺጌኖ ማሰሮውን ለናጎሺ አስያዙ። በድንጋዩ ብናኝ ላይ ተንበረከኩ፤ ግንባራቸው መሬት ነካ። ጌንሳኩ ተነሺ አላሉም፤ ይቅርም አላሉም። ቆመው አዩዋቸው። ነፋስ ብናኙን እያነሣ በአሮጊቷ ሽበት ላይ ያሳርፈው ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ክርናቸውን ያዙና ቀና አደረጓቸው።

«ጋሼ ጌንሳኩ» አሉ ሺጌኖ። በልጅነታቸው የሚጠሯቸው እንዲያ ነበር። «ድንጋይ ፈልጌ መጥቼ ነው።»

ጌንሳኩ ናጎሺ የያዘችውን ነጭ ጥቅል አዩ። ወደ ግቢው ጥግ ሄደው አንድ ጥቁር፣ ጥሩ ድንጋይ በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ይኸ ይሻላል» አሉ። ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ነበር፤ ለማንኛውም ደንበኛ የሚናገሩት ዓይነት። «የማን ቤት ስም ይቀረጽበት? የአባትሽ?»

«አይደለም» አሉ ሺጌኖ። «ልትገባ የነበረው እርስዎ ቤት ነው። የእርስዎ ይቀረጽበት።»

ጌንሳኩ መዶሻቸውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። እጃቸው ግን አላነሣ አላቸው።